ከፎቶው ጠርዝ ውጪ ማን ነበረ?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ፎቶግራፍ መሬት ሊያድን ይችላል? መልሱ አዎ ነው፣ አድኗልም። ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ከበድ ይላል። ያ መሬት የዳነው ከማን ነው? ለማንስ ነው የዳነው?

ታሪኩ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ታሪክ ነው። ስልክ ሳይኖር፣ ካሜራ የአንድ በቅሎ ጭነት በነበረበት ዘመን ተራራና ሸለቆ ያነሱ ሰዎች ታሪክ። ለታሪክ ትምህርትም ለኬሚስትሪም ይሆናል። "ሲልቨር ናይትሬት ለኑሯችን ምን ያደርግልናል?" እያላችሁ ታማርሩ የነበራችሁ ልጆች፣ ዛሬ መልሱን ታገኛላችሁ።

*በበቅሎ የተጫነው ጨለማ ክፍል*

ካሊፎርኒያ ውስጥ ዮሰሚቲ የሚባል ሸለቆ አለ። ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ የግራናይት ገደል ነው፤ ከገደሉ ፏፏቴ ይወረወራል፤ መሃሉ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ በሜዳው ወንዝ ያልፋል። በ1861 ካርልተን ዋትኪንስ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ፎቶ አንሺ ካሜራውን በበቅሎ አስጭኖ ወደዚህ ሸለቆ ወረደ።

ካሜራው ተራ ካሜራ አልነበረም። በአንዴ የሚያነሳው ምስል 46 በ56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ያን ጊዜ ፎቶ ማጉላት እንዲህ ቀላል ስላልነበረ፣ ትልቅ ፎቶ የፈለገ ሰው ትልቅ ካሜራ መሸከም ነበረበት። ፊልምም ገና አልመጣም። ምስሉ የሚቀረጸው በመስታወት ላይ ነው። መስታወቱ ኮሎዲየን የሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይቀባል፣ ከዚያ ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ይነከራል፣ እርጥብ እንዳለ ካሜራው ውስጥ ገብቶ ይነሳል፣ ሳይደርቅ ደግሞ ወዲያው ይታጠባል። ከደረቀ በቃ፣ አለቀለት። ሁሉም ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ አለበት።

ስለዚህ ዋትኪንስ ካሜራውን ብቻ ይዞ አይሄድም። ድንኳኑን፣ ኬሚካሉን፣ የመስታወቱን ክምር፣ ውሃውን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው። አቀበት ላይ ድንኳን ይተክላል፣ ጨለማ ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ያዘጋጃል፣ ሮጦ ወጥቶ ያነሳል፣ ሮጦ ተመልሶ ያጥባል። ከዚያ ጉዞ 30 ትላልቅ መስታወቶችና ብዙ ትናንሽ ምስሎች ይዞ ተመለሰ። መስታወት ይዞ ያን ያህል መንገድ መምጣቱን ሳስብ ይገርመኛል።

ፎቶዎቹን ያያችሁ እንደሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሰማዩ ባዶ ነጭ ነው። ደመና የለም። የዚያ ዘመን ኬሚካል ለሰማያዊ ብርሃን ከመጠን በላይ ስስ ስለነበረ፣ ሰማዩ ሁልጊዜ እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

በ1862 ፎቶዎቹ ኒው ዮርክ ላይ ለሕዝብ ታዩ። ወቅቱ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተፋፋመበት ነው። ጦርነቱ ሳያልቅ፣ ሰኔ 30 ቀን 1864፣ ፕሬዝዳንት አብርሃም ሊንከን የዮሰሚቲን ሸለቆ ለሕዝብ መዝናኛ እንዲጠበቅ፣ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ለካሊፎርኒያ ግዛት በአደራ የሚሰጥ ሕግ ፈረመ። ሊንከን ዮሰሚቲን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ሕጉን ፎቶ ብቻውን አወጣው ማለት አይቻልም፤ ሌሎች ሰዎችም ደክመውበታል። ነገር ግን ዋሽንግተን ከሸለቆው በሺዎች ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ባቡሩም ገና ምሥራቁን ከምዕራቡ አላገናኘም። ለብዙዎቹ ባለሥልጣናት ዮሰሚቲ ማለት ፎቶው ነበር።

ከሰባት ዓመት በኋላ ያው ነገር ተደገመ። በ1871 ዊልያም ሄንሪ ጃክሰን ከአንድ የመንግሥት የጥናት ቡድን ጋር ሄዶ ፍል ውሃና ፏፏቴ አነሳ። በማግስቱ ዓመት፣ መጋቢት 1872፣ የሎስቶን የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ብሔራዊ ፓርክ የሚለው ሐሳብ ከመጀመሪያው ከካሜራ ጋር ነው ያደገው።

የዋትኪንስ መጨረሻ ግን ያሳዝናል። በ1870ዎቹ በዕዳ ተያዘና ፎቶ ቤቱንም ኔጋቲቮቹንም አጣ። ተፎካካሪው ወስዶ ያለ ዋትኪንስ ስም እያተመ ሸጣቸው። እንደገና ከዜሮ ጀመረ። በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ መሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ ቀሪውን ሥራውን በላው። ዓይኑ ያን ጊዜ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ1916 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። መሬት ያዳነ ሰው የራሱን መስታወት ማዳን አልቻለም።

*ባዶ ያልነበረው ሸለቆ*

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የዋትኪንስ ፎቶዎች ውስጥ ሸለቆው ገና ከፈጣሪ እጅ የወጣ ይመስላል። ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ሰው ያልነካው። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

በሸለቆው አዋኒቺ የሚባሉ ሰዎች ይኖሩ ነበር። የካሊፎርኒያ ወርቅ ከተገኘ በኋላ ወርቅ ፈላጊዎች አካባቢውን ወረሩት፣ ግጭት ተነሳ፣ በ1851 ማሪፖሳ ሻለቃ የሚባል የታጠቀ ኃይል ሸለቆው ድረስ ገብቶ መንደራቸውን አቃጠለ፣ ሰዎቹንም አባረረ። የመሪያቸው የቴናያ ልጅ ተገደለ። ቁጥሩን እዩት፦ 1851 እና 1861። አሥር ዓመት ብቻ! "ባዶ" የሚባለው ሸለቆ ከተባረሩት ሰዎች ጭስ የራቀው በአሥር ዓመት ነው።

ሌላም አለ። ፎቶ ላይ የሚያምረው ያ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ያ ዘርዘር ብሎ የቆመ ዛፍ፣ የተፈጥሮ ሥራ ብቻ አልነበረም። አዋኒቺዎች በየጊዜው ቁጥቋጦውን እሳት እየለቀቁ ያጸዱት ነበር። ዋና ምግባቸው የኦክ ዛፍ ፍሬ ስለሆነ ዛፉ ብርሃንና ቦታ እንዲያገኝ ይንከባከቡታል። እነሱ ከሄዱና እሳቱ ከተከለከለ በኋላ ጫካው ሜዳውን እየዋጠው መጣ። ስለዚህ ዋትኪንስ "ያልተነካ ተፈጥሮ" ብሎ ያነሳው ነገር በከፊል የገበሬ ማሳ እንደማለት ነው፤ የሰው ላብ ያለበት። የተረፉት ሰዎች ተመልሰው በሸለቆው ለብዙ ዓመታት በጎብኚዎች መሃል እየሠሩ ኖረዋል። የመጨረሻው መንደራቸው ቤቶች የፈረሱት በ1969 ነው። ያፈረሰው ደግሞ ራሱ ፓርኩ ነው።

*ቀይ መስታወትና ጥቁር ሰማይ*

በ1916፣ ዋትኪንስ በሞተበት ዓመት፣ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከወላጆቹ ጋር ዮሰሚቲ መጣ። ወላጆቹ ትንሽ የኮዳክ ካሜራ ሰጡት። ልጁ አንሰል አዳምስ ነው። ፒያኖ ተጫዋች ለመሆን ለዓመታት የተማረ ልጅ ነበር፤ ኋላ ግን ካሜራው አሸነፈ።

ሚያዝያ 10 ቀን 1927 አዳምስ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በበረዶ መሃል አቀበት ወጣ። ዓላማው ሃፍ ዶም የሚባለውን ግዙፍ ቋጥኝ ፊት ለፊት ማንሳት ነው። የያዘው 12 መስታወት ብቻ ነበር። አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ ሲያባክን ቋጥኙ ፊት ሲደርስ የቀረው ሁለት ሆነ። በመጀመሪያው፣ እንደ ልማዱ ቢጫ ማጣሪያ ሌንሱ ላይ አድርጎ አነሳ። ወዲያው ቆም ብሎ አሰበ፦ ይህ ፎቶ ቋጥኙን ያሳያል እንጂ እዚህ ቆሜ የተሰማኝን ነገር አያሳይም። ቢጫውን አውልቆ ጠቆር ያለ ቀይ ማጣሪያ ገጠመና የመጨረሻዋን መስታወት ለአምስት ሰከንድ ያህል ከፍቶ አነሳ።

ቀዩ ምን አደረገ? ቀይ መስታወት ሰማያዊ ብርሃን አያሳልፍም። ስለዚህ ሰማያዊው ሰማይ ፎቶው ላይ ጥቁር ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በረዶው ደግሞ አበራ፤ ቋጥኙ ከጨለማ ውስጥ ብቅ ያለ ጭራቅ መሰለ። የዋትኪንስን ነጭ ሰማይ አስታወሳችሁ? እዚያ ሰማዩን ነጭ ያደረገው ኬሚካሉ ነው። እዚህ ጥቁር ያደረገው ሰውየው ነው። ፎቶ አንሺው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት የሚወጣውን ፎቶ በአእምሮው ማየት ጀመረ ማለት ነው። አዳምስ ዕድሜውን በሙሉ ያስተማረው ይህንን ነው።

በ1932 ከኤድዋርድ ዌስተን፣ ከኢሞጅን ከኒንግሃምና ከሌሎች ጋር አንድ ቡድን መሠረቱ። የቡድኑ ስም "ኤፍ 64" ነው። ይህ የሌንስ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቀዳዳው ይጠብባል። ቀዳዳው ሲጠብብ፣ እኛም ዓይናችንን ጨፈን አድርገን ስናይ እንደሚሆነው፣ ከእግር ሥር ካለው ጠጠር እስከ ሩቁ ተራራ ሁሉም ጥርት ይላል። ያን ጊዜ ፎቶን ሥዕል ለማስመሰል ሆን ብሎ ማደብዘዝ ፋሽን ነበር። እነሱ "ፎቶ ፎቶ ይሁን" አሉ።

*ቀይ መብራት ሥር*

ለልጆቹ ስለ ፊልም ትንሽ ላስረዳ። ፊልም ማለት ጀላቲን ውስጥ የተበተኑ የብር ጨው ቅንጣቶች የተቀቡበት ስስ ነገር ነው። ብርሃን የነካው ቅንጣት ለውጥ ያድርበታል፣ በዓይን ግን አይታይም። ፊልሙ ማጠቢያው ኬሚካል ውስጥ ሲገባ ብርሃን የነካቸው ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ብረታ ብር ይለወጣሉ። ቀጥሎ ያለው ኬሚካል ብርሃን ያልነካቸውን ጠርጎ ያወጣል። የቀረው ኔጋቲቭ ነው፦ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ። በድሮ ፎቶ ቤቶቻችን "ፎቶው ታጥቧል ወይ?" የሚባለው ቃል በቃል እውነት ነበር።

ከዚያ ማተም ይመጣል። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቀይ መብራት፣ የኔጋቲቩ ጥላ ወረቀት ላይ ይጣልና ወረቀቱ ኬሚካል ውስጥ ይነከራል። ምስሉ ቀስ ብሎ ከነጩ ወረቀት ውስጥ ይወጣል። ያየው ሰው አይረሳውም። የአዳምስ ጥበብ ግማሹ እዚህ ነው። አንዱ ቦታ እንዳይጠቁር በእጁ ወይም በካርቶን ይከልለዋል፣ ሌላው ቦታ እንዲጠቁር ተጨማሪ ብርሃን ይሰጠዋል። ከሙዚቃ የመጣ ሰው ስለሆነ ኔጋቲቩን ከኖታ፣ ኅትመቱን ደግሞ ከጨዋታው ጋር ያመሳስለዋል። ኖታው አንድ ነው፣ ጨዋታው ግን እንደ ቀኑ ይለያያል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የ1941ዱ "የጨረቃ መውጣት፣ ኸርናንዴዝ፣ ኒው ሜክሲኮ" ነው። አመሻሽ ላይ መኪና እየነዳ ሲሄድ አንዲት ትንሽ መንደር፣ የመቃብር ነጫጭ መስቀሎች፣ በላያቸው ጨረቃ አየ። መኪናውን አቁሞ ካሜራውን ተከለ፤ የብርሃን መለኪያውን ቢፈልግ አጣው። ፀሐይዋ መስቀሎቹን ልትለቅ ነው። የጨረቃን የብርሃን መጠን ግን በቃሉ ያውቅ ነበርና ሒሳቡን በጭንቅላቱ ሠርቶ አነሳ። ሁለተኛ ለመድገም ሲዘጋጅ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ሄደ። አንድ ብቻ!

የሚገርመው፣ ያነሳበትን ቀን አልመዘገበም። ለዓመታት የተለያየ ዓመት ይጽፍ ነበር። ኋላ የሥነ ፈለክ ሰዎች የጨረቃዋን አቀማመጥ አስልተው ኅዳር 1 ቀን 1941 መሆኑን ደረሱበት። ፎቶ የታሪክ ሰነድ ነው የምንለው ለዚህ ነው፤ አንሺው የረሳውን ጨረቃ መሰከረች።

ከዚያች አንዲት ኔጋቲቭ ከሺህ በላይ ቅጂ በእጁ አትሟል። የቀድሞዎቹ ላይ ሰማዩ ፈካ ያለ፣ ደመናውም የሚታይ ነው። ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ ሰማዩን እያጠቆረው መጣ። ስለዚህ "ኦሪጅናሉ የቱ ነው?" ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የለም። ፎቶሾፕ ሳይመጣ በፊትም ፎቶ የሰው ውሳኔ ነበር።

*ያሸነፈና የተሸነፈ*

አዳምስ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ብቻ አልተቀመጠም። ሴራ ክለብ የሚባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በ1936 ወደ ዋሽንግተን ላከው። የኪንግስ ካንየንን ተራሮች ፎቶ ተሸክሞ የምክር ቤት አባላትን ሲያግባባ ከረመ። በ1938 ያሳተመው የሴራ ኔቫዳ መጽሐፍ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢክስ እጅ ገባ፣ ከዚያም ወደ ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ደረሰ። በ1940 ኪንግስ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

ፎቶ ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት ግን አይደለም። እዚያው ዮሰሚቲ አጠገብ ሄች ሄቺ የሚባል ወንድም ሸለቆ ነበረ። ጆን ሙርና ጓደኞቹ ለዓመታት ተከራከሩለት፣ ፎቶውንም አሳዩ። በ1913 ምክር ቤቱ ግድብ እንዲሠራ ፈቀደ፤ ሸለቆው ለሳን ፍራንሲስኮ ውሃ ሲባል ተዋጠ። ከተማም ውሃ ይጠጣል፣ ይህም እውነት ነው። ዛሬ የሸለቆው ወለል የሚታየው በአሮጌ ፎቶዎች ላይ ብቻ ነው።

*ከተራራው ፊት ያለው ሽቦ*

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ 120,000 ያህል ትውልደ ጃፓን ነዋሪዎቿን ከቤታቸው አውጥታ ካምፕ ውስጥ አጎረቻቸው። አብዛኛዎቹ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ከካምፖቹ አንዱ ማንዛናር ነው፤ ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች ግርጌ፣ ከ10,000 በላይ ሰው ያለበት። አዳምስ በ1943 ወደዚያ ሄዶ ሰዎቹን አነሳ፤ በ1944 ደግሞ እነዚህ ሰዎች እኩል ዜጎች ናቸው የሚል መጽሐፍ አወጣ። በጦርነት መሃል ይህን ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ቢሆንም የጥበቃ ማማውንና ሽቦውን ማንሳት ክልክል ነበር፣ ስለዚህ በፎቶዎቹ ላይ ፈገግታ በዛ የሚሉ ተቺዎች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ።

በዚያው ወቅት ከማንዛናር ሆኖ የዊልያምሰንን ተራራ አነሳ። ከፊት ድንጋይ ብቻ የተዘራበት ሜዳ፣ ከኋላ በደመና መሃል ብርሃን የፈሰሰበት ጫፍ። ከዝነኛ ፎቶዎቹ አንዱ ነው። ከጠርዙ ውጪ ግን በሺዎች የሚቆጠር ሰው በሽቦ ታጥሮ ተቀምጧል።

እዚያው ካምፕ ውስጥ ቶዮ ሚያታኬ የሚባል ፎቶ አንሺ ታስሮ ነበር። ካሜራ ክልክል ነው። እሱ ግን ሌንስ ደብቆ አስገባ፣ በእንጨት ሣጥን ካሜራ አሠራ፣ በድብቅ ማንሳት ጀመረ። በኋላ አስተዳደሩ አወቀና ፈቀደለት። ከውጭ የመጣው የተከለከለውን የሽቦ ምስል ከውስጥ ያለው አነሳው። ተማሪዎቼን ብመክር የሁለቱንም ጎን ለጎን እዩ እላለሁ።

*ወደ ቤታችን ስንመጣ*

የብሔራዊ ፓርክ ሐሳብ እዚያ አልቀረም። ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ፣ የሎስቶን አንዱ ነበር፤ በዚያው ዝርዝር ላይ የእኛው ሰሜን ተራሮችና ላሊበላም ነበሩ። ጃክሰን በ1871 ያነሳው መሬትና ሰሜን ተራሮች በአንድ ቀን መዝገብ ገቡ ማለት ነው።

ሰሜን ተራሮች በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ግጦሹና እርሻው ዋልያውን እያስጨነቀው ነበር፤ ይህ ውሸት አይደለም። ግጭ የሚባለው መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ መዛወራቸው በ2016 ተጠናቀቀ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ዛሬ ግጭ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳ ጎብኚ ገደሉን፣ ጭጋጉን፣ ጭላዳውን ያነሳል። ፎቶው ድንቅ ይሆናል። እዚያ ሜዳ ላይ ገብስ ያጨደው፣ ወላጆቹን የቀበረው ሰው ግን ፎቶው ውስጥ የለም።

ማሪፖሳ ሻለቃና የግጭ ዝውውር አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። አንዱ በጥይትና በእሳት ነው፣ ሌላው በዕቅድና በካሳ። ግን መልክዓ ምድር ባዶ ሆኖ ሲያምር የሚያስከትለው ጥያቄ አንድ ነው። ዋልያው ይጠበቅ፣ ተራራውም ይጠበቅ። የተነሳው ሰው ስምም አብሮ ይጠበቅ።

አዳምስ በ1984 ሞተ። በ1937 ጨለማ ክፍሉ ተቃጥሎ ብዙ ኔጋቲቭ አጥቷል፤ የተረፈው ግን እስከ ዛሬ ይታተማል። የብር ቅንጣት በአግባቡ ከታጠበና ከተቀመጠ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል። የስልካችን ፎቶ ያን ያህል መቆየቱን እንጃ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ የሚያምር የመሬት ገጽታ ፎቶ ስታዩ አድንቁት፣ ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን አነሳው? ከጠርዙ ውጪ ምን አለ? እዚያ ይኖር የነበረው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የአያት የቅድመ አያት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካለ፣ ዛሬ ማታ አውጡትና ለሚያውቁት ትልልቅ ሰዎች አሳዩት። ቦታውን፣ ዘመኑንና የሰዎቹን ስም ከጀርባው ለስለስ ባለ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉበት። ኔጋቲቭ ካገኛችሁ እንዳትጥሉት። ከአንሰል አዳምስ በስተቀር ለማንም ጨረቃ ቆጥሮ ቀኑን የሚያወጣለት የለም።

ያገኛችሁትን ፎቶ ኮሜንት ላይ ብታስቀምጡልን፣ ቦታውን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። መልካም ሰንበት!